የአክስቴ አሮጌ ኮምፒውተሮች፦ ከኅዳር እስከ ጥምቀት

ኅዳር 8፣ 2018 ዓ.ም.

አክስቴ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላቸው። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፤ ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ዛሬ ደወሉልኝ። «ና እስቲ፣ እነዚህን ጉዶች እያቸው» አሉኝ።

ጉዶቹ አራት ናቸው። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንዲት ኔትቡክ። ዊንዶውስ 10 ያለው አንዱ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ነው። እሱም አንድ ደብዳቤ እስኪከፍት በረካው ይደርሳል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። እነዚህ ያንን ቺፕ በሕልማቸውም አላዩትም። አንድ ሻጭ «ሁሉንም ጥለው አዲስ ይግዙ» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ዕቃ መጣል አይሆንላቸውም። የእኔ የሁለተኛ ክፍል ቦርሳ እስካሁን ቤታቸው ተሰቅሏል።

«ሊኑክስ ልጫንባቸው እትዬ?» አልኳቸው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ሥርዓት ነው።

«እሱ የምትለው ነገር ይጽፋል?»

«ይጽፋል።»

«ያትማል?»

«ያትማል።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ቀጠሯችን ከጥምቀት በፊት ነው። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ የሳቸውም ሥራ ይበዛል። ከአራቱ ሦስቱ ቢነሱልኝ ይበቃኛል። ምኑን ነክቼ ምኑን እንዳበላሸሁ እንዳልረሳ እዚህ እጽፋለሁ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ኅዳርን ሲያጥን እኔም ኮምፒውተሮቹን በረንዳ ላይ አውጥቼ ሳራግፍ ዋልኩ። ከዋናው ዴስክቶፕ ፋን የወጣው አቧራ ትንሽ ትራስ ይሞላል። በጋው ገና መጀመሩ መሆኑን ሳስብ ለአፉ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ ልሰፋለት አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት፤ ጨርቁ ራሱ አየር ያፍነዋል።

ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ አንጎል) ላይ የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ራሞቹን ነቅዬ ጥርሳቸውን በላጲስ ፈተግኳቸው። የጥገና ቤት ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሞተ የተባለ ስንት ኮምፒውተር በላጲስ ተነሥቷል።

አንደኛው ዴስክቶፕ ግን በላጲስም አይነሣ። ፔንቲየም 4 ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል፤ ሁለቱ ፈንድተው ቡናማ ነገር አፍስሰዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) የተሠሩ ብዙ ቦርዶች የሞቱት በዚህ በሽታ ነው። ነቅዬ አዲስ ልበይድለት እችል ነበር። ግን ይህ ማሽን እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ መብራትም ይበላል። መለዋወጫ ይሁን ብዬ ፓወር ሰፕላዩንና የኔትወርክ ካርዱን አወጣሁ። ለእትዬ «ይሄኛው አልቋል» ስላቸው ዝም አሉ። ቀፎውን ግን አላስጣሉኝም።

ኅዳር 14

የዛሬው ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነበር፦ 64 ቢት ናቸው ወይስ 32? (ቢቱ ሲፒዩው በአንዴ የሚይዘው የቁጥር ስፋት ነው።)

ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሥቼ የሲፒዩውን ዝርዝር አየሁ። ዴስክቶፑ ኮር 2 ዱዎ ነው፤ 64 ቢት ይችላል። እስከ ዛሬ የተጫነበት ዊንዶውስ ግን ባለ 32 ቢቱ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው 32 ነው ብሎ ደምድሟል። ይሄ ስህተት ሞልቷል። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የተጫነውን ሳይሆን ሲፒዩውን ነው። ላፕቶፑ በ2004 (የማሽንና የሶፍትዌር ዓመት ስጠቅስ ሁሌም በፈረንጅ ነው) የወጣው ቲንክፓድ ቲ42፣ ኔትቡኳ ደግሞ አተም ኤን270 ናቸው። ሁለቱም 32 ቢት ብቻ።

ልዩነቱ የዕድሜ ልክ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ከ19.10 ጀምሮ 32 ቢት ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። ፌዶራ በ31ኛው እትሙ፣ በ2019፣ የ32 ቢቱን ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) ተወው። አርች በ2017 ተወ። ዴቢያን ከእነዚህ ሁሉ ቆይቶ ነበር። ባለፈው ነሐሴ የወጣው ዴቢያን 13 ግን ለ32 ቢት ኢንቴል ማሽን ከርነልም መጫኛም የለውም። የቀሩት ፕሮግራሞች 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ የድሮ ሶፍትዌር ለማስኬድ ናቸው።

ስለዚህ ዴስክቶፑ ዴቢያን 13፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዴቢያን 12። የ12ቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እስከ ጁን 30፣ 2028 ነው። በእኛ ሰኔ 23፣ 2020። ቀኑን ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። እትዬ አዩትና «የማን ተዝካር ነው?» አሉኝ።

ኅዳር 19

ዴስክቶፑ ላይ ዴቢያን 13 ገባ። አርባ ደቂቃ፣ ምንም ጣጣ የለም። ስለሚሠራ ነገር ብዙ የሚጻፍ የለም።

ከዚያ አፕት ካሸር የሚባለውን ጫንኩበት። አንድ ጊዜ ከኔት የወረደ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ዴስክቶፑ ላይ ይቀመጣል፤ የተጠየቀው ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ከዚያው ይሰጣል። ዳታ እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኔት ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት የተማርኩት ትምህርት ነው፤ የሚያስፈልግህን ሁሉ አስቀድመህ ቤትህ አስገባ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚይዘው ቀን ወደ ጃንዋሪ 1፣ 2007 ይመለሳል። ሳንቲም የምትመስለው ባትሪ ሞታለች። ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ናት። በቮልት መለኪያ ስለካት 1.1። እመንገዱ ዳር ከሚቀመጡት ሰዓት ሠሪ ገዛሁ። «የግድግዳ ሰዓት ነው?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ የኮምፒውተር ነው» አልኳቸው። «እሱም ሰዓት አለው?» ብለው ሳቁ።

አለው እንጂ። ያውም ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ኅዳር 24

ይሄው ተረጋገጠ። ጠዋት ታይፒስቷ ደወለች። «ኔት አለ ግን ምንም አይከፍትም» አለች። ፋየርፎክስ ሁሉንም ድረ ገጽ «አያስተማምንም» ይላል። ማሻሻያ ለማውረድ ብሞክር አፕት (ፕሮግራም የሚያወርደው መሣሪያ) ደግሞ ፋይሉ «ገና ጊዜው አልደረሰም» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁት። ዲሴምበር 3፣ 2018።

2018! «ሰዓቱን ማን ነካው?» አልኩ። «እኔ ነኝ፤ ዓመቱ 2025 ይል ነበር፣ አስተካከልኩት» አለች ልጅቱ፣ ኩራት ብጤ እየቃጣት። ሰዓቱን ከኔት የሚወስደውን ምልክት አጥፍታ ዓመታችንን አስገብታለች። ምን ትሁን? ትክክል እኮ ናት። ዓመቱ 2018 ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ያንን እንደ ፈረንጅ 2018 ይቆጥረዋል። ድረ ገጾቹ ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ጊዜ አለው። በ2025 የተሰጠ ሰርተፊኬት በ2018 ዓይን ሲታይ ገና ያልተወለደ ነው። ስለዚህ አሳሹ ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም ልክ ነው።

ሰዓቱን መልሼ ከኔት እንዲወስድ አደረግሁ። ከማሽኑ አጠገብ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «የኮምፒውተሩ ዓመት የፈረንጅ ነው። አይነካ።» ሊኑክስ ውስጥ የኛን አቆጣጠር የሚያሳይ ቀን መቁጠሪያ ባሩ ላይ ብናስቀምጥ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ለሌላ ጊዜ ይዘነዋል።

ታኅሣሥ 3

ቲ42። ይህን ላፕቶፕ እወደዋለሁ። ኪቦርዱ እንደ ድሮ የጽሕፈት መኪና ጣትን ይቀበላል።

ዲስኩን ስማርት በሚባለው የጤና መመርመሪያው ስፈትሸው ሊነበቡ ያልቻሉና ተራ የሚጠብቁ ሴክተሮች አገኘሁ። ቁጥሩ ከትናንት ዛሬ ጨምሯል። እንዲህ ዓይነት ዲስክ ላይ ምንም አይጫንም፤ ነገ ይዞህ ገደል ይገባል። ችግሩ ላፕቶፑ የድሮውን አይዲኢ ገመድ ነው የሚያውቀው። ትንሿን ኤምሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ወደ ባለ 44 እግር አይዲኢ የምትቀይር ካርድ አለች፤ ከመርካቶ በጓደኛ በኩል አስመጣሁ። ገባች፤ ልክክ አለች።

መጫኛው ሲነሣ ከርነሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ፒኤኢ የሚባለውን የሲፒዩ ችሎታ ይፈልጋል፣ አንዱ አይፈልግም። የዚህ ዘመን ፔንቲየም ኤም አስቂኝ ጠባይ አለው። ፒኤኢ አለው፣ ሲጠየቅ ግን የለኝም ይላል። ገንዘብ እያለው «ኪሴ ባዶ ነው» እንደሚል ሰው። ከርነሉን በግድ እመነው የሚል ትዕዛዝ አለ። እኔ ግን የማይፈልገውን ከርነል ጫንኩ። ከ4 ጊጋ በታች ለሆነ ራም ፒኤኢ ምን ያደርጋል?

የግራፊክስ ካርዱ ራዲዮን 7500 ነው። ሜሳ የሚባለው የሊኑክስ የሥዕል ሶፍትዌር ከ22.0 ጀምሮ የዚህን ዓይነት ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያናግረውን ፕሮግራም) ከዋናው አውጥቶ አምበር ወደሚባል የጎን ቅርንጫፍ ልኮታል። ስለዚህ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል በካርዱ አይሠራም። ለማመልከቻ ምን ሊረባ። ከርነሉ ግን ካርዱን ያውቀዋል፤ ስክሪኑ በትክክለኛው መጠን መጣ።

ዋይፋይ ላይ ግማሽ ሰዓት ጠፋኝ። የስልኬን ሆትስፖት አያየውም። ድራይቨር ለወጥኩ፣ ፈርምዌር (መሣሪያው ውስጥ የሚገባውን ፕሮግራም) ፈተሽኩ፣ ተሳደብኩ። ለካ ስልኬ የሚያሰራጨው 5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ይህ ላፕቶፕ 2.4 ብቻ ነው የሚሰማው። ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ነካሁ፣ አለቀ።

ታኅሣሥ 9

ኔትቡኳ። 1 ጊጋ ራም። አክስቴ «ትንሿ» ይሏታል።

ዋይፋይዋ ብሮድኮም ነው። ድራይቨሩ ከርነል ውስጥ አለ፤ ቢ43 ይባላል። የሚያስፈልገው ፈርምዌር ግን ለብቻው ከኔት መውረድ አለበት። ኔት እንድታገኝ ኔት ያስፈልጋታል ማለት ነው። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኘኋት። ስልኩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ታያት፣ ፈርምዌሩ ወረደ፣ ገመዱን ነቀልኩ። ይህን ዘዴ ለማያውቅ ሰው ንገሩ፤ ብዙ ላፕቶፕ «ዋይፋዩ በሊኑክስ አይሠራም» ተብሎ በከንቱ ተጥሏል።

ቀጥሎ የመጣው ግን የሚገርም ነው። ስታነሣት ስክሪኑ ይጠብባል፣ መስኮቶቹ ወደማይታይ ቦታ ይሸሻሉ። ዝርዝሩን ሳይ ኔትቡኳ ሁለት ስክሪን አለኝ ትላለች። አንዱ የራሷ፣ ሌላው በኤስቪዲዮ ገመድ የተገናኘ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥን የለም። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳን የላትም! በኢንቴል 945 ግራፊክስ ላይ የታወቀ ነገር ነው። የማስነሻው መስመር ላይ ኤስቪዲዮ 1ን ዝጋ የሚል ትእዛዝ ጨመርኩ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

ራሙን በተመለከተ ዜድራም ጫንኩ። ራሙ ሲሞላ የተረፈውን ዲስክ ላይ ከመጻፍ (ስዋፕ ይሉታል) ይልቅ የማይፈለገውን ጨምቆ እዚያው ራም ውስጥ ያቆየዋል። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል እንደሚሆነው። መኪናው አልሰፋም፣ ሰው ግን ገባ። ሲፒዩው ትንሽ ይደክማል፤ ቢሆንም ከሚያቃስተው ዲስክ ይሻላል። መስኮቶቹን የሚይዝላት አይስደብሊውኤም ነው። ከተነሣች በኋላ ከ1 ጊጋው አብዛኛው ባዶ ይቀራል።

ፋየርፎክስ እስኪከፈት ድረስ ማለቴ ነው።

እሱም ቢሆን የመጨረሻ ዘመኑ ላይ ነው። ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ የቆመው በ2016 ነበር። የፋየርፎክስ 144ኛው እትም ደግሞ 32 ቢት ሊኑክስን የደገፈው የመጨረሻው ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው 140 እስከ ሴፕቴምበር 2026 ድረስ ቢያንስ የደኅንነት ጥገና ያገኛል። ከዚያ በኋላ ትንሿ ኔት ላይ ባትወጣ ይሻላታል። ጽሑፍ ትጻፍ።

ታኅሣሥ 15

እስካሁን የሠራሁት ሁሉ የኔ ሥራ ነበር። ዛሬ የታይፒስቷ ተራ ነው፤ የባሰውም የመጣው እዚህ ጋ ነው።

የአማርኛ መጻፊያው አይባስ በሚባለው የቋንቋ መቀያየሪያ ላይ ያለው፣ ሴራ የሚባለው ስልት ነው። ድምፁን በላቲን ፊደል ስትጽፍ ፊደሉ ይመጣል። «ሰላም» ችግር የለውም። «ሽ» ስትፈልግ ግን ኤክስን መንካት አለባት። «እኔ ኤስ ኤች ነው የለመድኩት» ብላ አኮረፈች። ጣት የለመደውን ማስተው ከባድ ነው። እስከ እራት ሰዓት ስትሳሳት ዋለች። ነገ እንደምትለምደው አውቃለሁ፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም።

ቅርጸ ፊደሉ ጥሩ ነው። አቢሲኒካ ከዴቢያኑ ጓዳ በአንድ ትእዛዝ ይገባል። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር መስጫ) 3.0 ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ ዛሬ ማንኛውም ሊኑክስ ላይ ይነበባል።

የድሮዎቹ ፋይሎች ግን አልተነበቡም። እትዬ የአሥራ አምስት ዓመት ሥራ በአንድ ፎልደር አላቸው። የውል ናሙና፣ የደብዳቤ ናሙና፣ ደንበኛ «ያንን ያለፈውን አውጪልኝ» የሚለው ሁሉ። ስከፍተው የፈረንጅ ፊደልና ነጥብ የተደበላለቀበት ጉድ ነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «የኔ ልጅ፣ አጠፋኸው?» አሉኝ። ድምፃቸው ሲቀጥን ሆዴ ተላወሰ።

አልጠፋም። ያኔ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፕሮግራም ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች በፈረንጅ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ሥዕል ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ የሚያሳየው ቅርጸ ፊደል ሲኖር «ለ» ይመስላል፣ ሲጠፋ ራቁቱን ይቀራል። በዚያ ላይ የኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹ በ256 ቦታ አይገባም። ስለዚህ ለሁለት ቅርጸ ፊደል ከፋፍለውታል። አንዱ ምልክት በአንደኛው ቅርጸ ፊደል «መ» ሲሆን በሁለተኛው ሌላ ነው።

ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ የሠራሁት መቀየሪያ ግማሹን ቃል አበላሸው። «ውል ሰጪ» የሚለው ምን እንደወጣ እዚህ አልጽፈውም። እትዬ እንዳያዩት ቶሎ ዘጋሁት።

ሁለተኛው ሙከራ ሠራ (ይህን የጻፍኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው)። ፋይሎቹን በሊብሬኦፊስ ኦዲቲ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀየርኳቸው። ኦዲቲ ሲፈታ ውስጡ ጽሑፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ቅርጸ ፊደል እንደተጻፈ ይታያል። ከዚያ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ይህ ቅርጸ ፊደል ከሆነ ይህ ምልክት ይህ ፊደል። አንድ በአንድ። ከታይፒስቷ ጋር ሁለት ሌሊት ፈጀብን፤ እሷ ትጠራለች እኔ እጽፋለሁ። «ጔ» ላይ ተጣላን። ቀሪው የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሥራ ነው።

ከጠቅላላ ሥራው ከባዱ ይሄ ነበር። የኮምፒውተሩ አካል ቢሞት መለዋወጫ ይገኛል። የተጻፈው ነገር በምን እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ግን መርካቶም አይረዳህም።

ታኅሣሥ 22

መብራት አራት ጊዜ ጠፋ።

ዴስክቶፑ አራቱንም ጊዜ ያለ ችግር ተነሣ። ኤክስት4 የሚባለው የዲስኩ ፋይል አያያዝ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ማስታወሻ ላይ ስለሚይዝ፣ በመሃል ቢቋረጥ ሲነሣ ያያትና ይጨርሳል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ግን አያድንም። ሊብሬኦፊስን በየሁለት ደቂቃው ራስህ አስቀምጥ አልኩት።

ፕሪንተሯ ናት ያስቸገረችው። ይህች ትንሽ ሌዘር ፈርምዌሯን ሆዷ ውስጥ አታኖርም። በበራች ቁጥር ከኮምፒውተሩ ትጠብቃለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉን ረስታ ቁጭ። ደንበኛ ቆሞ ነው ይሄ ሁሉ። ፕሪንተሯ ስትገናኝ ፈርምዌሩን ወዲያው የሚልክላት አንድ ደንብ ዩዴቭ (የሚሰኩ ዕቃዎችን የሚከታተለው ክፍል) ውስጥ ጻፍኩ። አምስተኛው ጊዜ ሲጠፋ ተፈተነ። አለፈ።

በጨለማው ሰዓት በስልኬ ሜንቴነርስ የሚባለውን የከርነሉን ፋይል ሳነብ አመሸሁ። ከርነሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ክፍል ማን እንደሚጠብቀው እዚያ ይጻፋል። አንዳንዱ «የሚደገፍ» ነው፣ ተከፍሎት የሚሠራው ሰው አለ። አንዳንዱ «አልፎ አልፎ የሚጠገን»። አንዳንዱ ደግሞ «የሙት ልጅ» ይባላል። ጠባቂው ሄዷል፣ ሌላ አልመጣም።

አሮጌ ነገር ሁሉ በዕድሜው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን የጀመረው 386 በሚባለው የኢንቴል ሲፒዩ ላይ ነበር። የ386 ድጋፍ በ2013 በወጣው ከርነል 3.8 ተወግዷል። ባለፈው ዓመት ደግሞ 486ን የማስወጣት ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ቀርቧል። እዚህ ድረስ የዕድሜ ነገር ይመስላል። ግን ኢታኒየምን እዩት። በ2001 ገበያ የወጣ፣ ትልልቅ ድርጅቶች የገዙት፣ እስከ 2021 ድረስ የተሸጠ ሲፒዩ ነው። በዚያው በ2021 የሙት ልጅ ተባለ፤ በ6.7 ከከርነሉ ወጣ። በአንጻሩ በ1980ዎቹ አሚጋና አታሪ ውስጥ የነበረው የሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ዛሬም እዚያው አለ። የሚወደው ሰው ስላላጣ።

እኔም ለኔትቡኳ የሌለ ቴሌቪዥን የተጠቀምኩትን መስመር በትክክል ጽፌ አስቀመጥኩት። ከየትኛው ሞዴል፣ ከየትኛው ከርነል ጋር፣ ምን እንደታየ። ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ከሌለ የሚያስተካክለው ሰው ማሽኑ በሕይወት መኖሩን በምን ያውቃል?

ጥር 4

ሦስቱም እየሠሩ ናቸው። አዲስ ከርነል ሲመጣ አሮጌውን አላጠፋም፤ ግሩብ (ማሽኑ ሲነሣ ከርነል የሚመረጥበት ዝርዝር) ውስጥ ሁለቱም ይቀመጣሉ። አዲሱ እንቢ ካለ ታይፒስቷ ሁለተኛውን መርጣ ትሠራለች። አሳይቻታለሁ። ኤክስ ሽ መሆኑንም ለምዳለች፤ አሁን ስልኳ ላይ ኤክስ እየነካች ትበሳጫለች።

ጥር 10

ከተራ። መንገዱ ተዘጋግቷል። እትዬ ነጭ ለብሰው ለመውጣት ሲሰናዱ፣ ሱቁን ልዘጋ ስል ቆም አሉ።

«አሁን እነዚህ እስከ መቼ ይሠራሉ?»

ዴስክቶፑ እስኪሰበር አልኳቸው። የሁለቱ ሽማግሌዎች ግን የተቆረጠ ቀን አላቸው። ለራሴም ሳሰላው ገና ዛሬ ነው የገባኝ።

ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ ነው፤ ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ። በእኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962። በ32 ቢት የሚቆጥር ከሆነ ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ከዚያ በላይ አንድ ሰከንድ ሲጨመር ወደኋላ ይገለበጣል። ዴቢያን 13 እንደ አርም ያሉትን ሌሎች 32 ቢቶች ወደ ሰፊው ቆጠራ አሻግሯቸዋል። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲል ግን ኢንቴል 32ን በነበረበት ተወው። የኛዎቹ ደግሞ 12 ላይ ናቸው።

ቁጥሩ የሚሞላው ጃንዋሪ 19፣ 2038 ነው። ወደ እኛ ስመልሰው ጥር 11፣ 2030 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩት። ጥር 11። ሰዓቱን በእኛ ሳደርገው ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ገና ከፋሲለደስ መዋኛ ሳይነሡ፣ ሕዝቡ ውሃው ዙሪያ ቆሞ እያለ።

ለእትዬ ነገርኳቸው። «በጥምቀት ጠዋት?» አሉ።

«በጥምቀት ጠዋት።»

«ከዚያስ ምን ይሆናል?»

«ታኅሣሥ 1894 ነው ብሎ ያስባል።»

«በምኒልክ ዘመን!» አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «እንግዲህ እስከዚያ እኔ ከኖርኩ እሱም ይኑር።» ከዚያ ነጭ ቴፕ ቆርጠው ቲ42ቱ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ «ጥር 11፣ 2030» ብለው ለጠፉበት። ያኔ ላፕቶፑ ሠላሳ አራት ዓመት ይሆነዋል።

ጥር 14

ሱቁ ተከፈተ። ዛሬ ብቻ አሥራ ሰባት ሰው ተስተናገደ፤ ታይፒስቷ ቆጥራለች። ትንሿ ላይ ሦስት ማመልከቻ ተጽፏል። በፍላሽ ወደ ዴስክቶፑ ሄዶ ታተመ።

የቲ42ቱ የቻርጀር ገመድ አንገቱ ላይ ተልጧል፤ ሲነካ ይቆራረጣል። ባትሪው ድሮ ስለሞተ ገመዱ ሲላቀቅ ማሽኑም ይጠፋል። ካፓሲተሩ ካበጠው ፔንቲየም 4 ላይ ያወጣሁት ሽቦ ውፍረቱ ይበቃል። ነገ ጠዋት እበይደዋለሁ።